ያውቁ ኖሯል? የሸሚዙ ቀረጥ፣ የሰፊዋ ደመወዝ

ቤቴል ለሚኖር ሰው የዓለም ኢኮኖሚ ሩቅ አይደለም። ጠዋት ታክሲ ሲጠብቁ ረዳቱ «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ! ሁለት ሰው!» እያለ ይጠራዎታል። ጎረቤታችን የሆነው ያ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዋሽንግተኑ ባንክ ነው ይባላል፤ ገንዘቡ ለቤት መሥሪያ መጣ፣ ስሙ ለታክሲ ረዳቶች ቀረ። እንግዲህ ከዓለም ባንክ ትንሽ አለፍ ብለን ዛሬ ወደ ዓለም ንግድ ድርጅት ብንዘልቅ የሚገረም አይኖርም። ነገሩን ያነሣብኝ ባለፈው ሳምንት ከሰፈር ሱቅ የገዛሁት ሸሚዝ ነው። አንገቱ ላይ የተሰፋችው ጨርቅ የትኛው አገር እንደተሠራ፣ በስንት ዲግሪ ውኃ እንደሚታጠብና መተኮስ እንዳለበት ትናገራለች። ስለሰፋችው ልጅ ግን አንድ ቃል የላትም። ሸሚዙ ድንበር ሲሻገር ሕግ ይጠብቀዋል፤ ልጅቷንስ? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? የሠራተኛን ጤና ከዓለም ንግድ ጋር መጀመሪያ ካጋቡት ዕቃዎች አንዷ ክብሪት ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን የክብሪት ራስ የሚሠራው ከነጭ ፎስፈረስ ነበር። ርካሽ ነው፤ የትም ቢጭሩት ይነዳል። ክፋቱ የሠራተኞቹን የመንጋጋ አጥንት ማበስበሱ ነው። በ1888 ለንደን ላይ የብራያንት ኤንድ ሜይ ክብሪት ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች ሥራ አቁመው ወጡ፤ አቤቱታቸው ቅጣቱና ደመወዙ ነበር፣ መርዙም ከእሱ ጋር አብሮ ይነሣ ነበር። መንግሥታትን ግን አንድ ነገር አሰራቸው። አንዱ አገር ብቻውን ፎስፈረሱን ቢከለክል የጎረቤቱ ርካሽ ክብሪት ገበያውን ይወስድበታል። መፍትሔው በ1906 በርን ከተማ ላይ መጣ፦ በነጭ ፎስፈረስ የተሠራ ክብሪት ማምረት ብቻ ሳይሆን ከውጭ ማስገባትና መሸጥም ይከልከል ተባለ። አሜሪካ ስምምነቱን አልፈረመችም፤ በ1912 ባወጣችው ሕግ ግን በዚያ ክብሪት ላይ ከባድ ግብር ጫነችበትና ከገበያ አስወጣችው።

ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ክርክር ሁሉ እዚያች ሣጥን ውስጥ አለ። ዕቃው ድንበር ላይ የሚፈተሸው በጥራቱ ብቻ ነው ወይስ በተሠራበትም መንገድ?

ያውቁ ኖሯል? ጄኔቫ ሐይቅ ዳር የሚገኘው የዓለም ንግድ ድርጅት ሕንፃ የተሠራው ለነጋዴ አልነበረም። ቤቱ በ1926 ሲመረቅ ባለቤቱ የዓለም የሥራ ድርጅት ነበር፤ የላብ አደሩ ቤት። ግድግዳዎቹን የሥራና የሠራተኛ ሥዕሎች አስጌጧቸው፤ የሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽንም በሆላንድ ሸክላ የተሠራ ጽሑፍ በስጦታ አበረከተ። የሥራ ድርጅቱ በ1970ዎቹ ወደ ሌላ ሕንፃ ሲዛወር፣ የዛሬው የንግድ ድርጅት ቀዳሚ የሆነው የንግድ ስምምነት (ጋት) ጽሕፈት ቤት በ1977 ገባበት። አዲሱ ተከራይ ከሥዕሎቹ አንዳንዶቹን ሸፈነ፣ አንዳንዶቹን አነሣ፤ ዳግም ለዓይን የበቁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ልብ ወለድ ጸሐፊ ይህን ቢፈጥረው አበዛኸው እንለው ነበር።

ያውቁ ኖሯል? ኢትዮጵያ የዓለም የሥራ ድርጅት አባል የሆነችው በ1923 ነው፤ አብዛኛው አፍሪካ ገና በቅኝ ግዛት ሳለ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ዘመን ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ በሩ ላይ የጠበቃት ጥያቄም የሠራተኛ ጥያቄ ነበር፦ ባርነት። የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ቃል ገብታ ገባች። በ1924 ባሪያዎችን ደረጃ በደረጃ ነፃ የሚያወጣ ሕግ ወጣ፤ ፈጽሞ የሚሽረው ዐዋጅ ግን እስከ 1942 ቆየ። እንግዲህ «ወደ ዓለም ማኅበር ለመግባት የሠራተኛ አያያዝህን አሳይ» የሚለው ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። መቶ ዓመት አልፎታል።

ይህችን ደግሞ በአጭሩ፦ በ1947 በተፈረመው የንግድ ስምምነት (ጋት) ውስጥ አንድ አገር ዕቃን በሠራተኛው ምክንያት እንዲከለክል በግልጽ የተፈቀደለት በአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። እሱም እስረኛ የሠራው ዕቃ ነው። ሕፃን የሰፋው? የለም። ማኅበር ያቋቋሙ ተባርረው የተሠራው? የለም። ያችው የ1947 አንቀጽ ሳትለወጥ እስከ ዛሬ አለች።

አንቀጿ የራራችውም ለእስረኛው ነው ብለው አይቸኩሉ። በነፃ ጉልበት የተሠራ ርካሽ ዕቃ የአገራቸውን ፋብሪካ እንዳያከስር የፈሩ ሰዎች ሕግ ናት። አሜሪካ የውጭ እስረኞች የሠሩትን ዕቃ በ1890 በቀረጥ ሕጓ ውስጥ ከልክላ ነበር።

ያውቁ ኖሯል? ሌላ መንገድ ነበር። በ1948 ሐቫና፣ ኩባ ላይ የተፈረመው ቻርተር ዓለም አቀፍ የንግድ ድርጅት ሊያቋቁም ነበር፤ በውስጡም ስለ ፍትሐዊ የሥራ ሁኔታ ራሱን የቻለ አንቀጽ ነበረው። የአሜሪካ ኮንግረስ ሳያጸድቀው ቀረና ቻርተሩ ሞተ። የተረፈው ጊዜያዊ ይባል የነበረው ጋት ነው፤ ያ «ጊዜያዊ» 47 ዓመት ሠራ።

እሺ ይህንንስ? የዓለም ንግድ ድርጅት ሥራ የጀመረው ጥር 1 ቀን 1995 ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሲንጋፖር ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው የሚኒስትሮች ጉባኤ የሥራ ድርጅቱ ዋና ዳይሬክተር ሚሼል ሐንሰን ንግግር እንዲያደርጉ ተጠርተው፣ በታዳጊ አገሮች ተቃውሞ ግብዣው ተሰረዘባቸው። ጉባኤው ያወጣው መግለጫ ሁለት ነገር አለ፦ የሠራተኛ ደረጃ የሥራ ድርጅቱ ጉዳይ ነው፤ ደግሞም የበለጸጉ አገሮች ይህን ደረጃ ገበያቸውን ለመዝጊያ ሰበብ እንዳያደርጉት። ከሦስት ዓመት በኋላ በሲያትል ጉዳዩ እንደገና ተነሣ፤ አስለቃሽ ጭስ በሞላበት ከተማ ጉባኤው ያለ ውጤት ተበተነ።

እዚህ ላይ ለታዳጊዎቹ አገሮች ስጋት ትንሽ ልሟገት። «ሠራተኛህን በርካሽ ታሠራለህና ዕቃህን አልገዛም» የሚለው ሰው ሁልጊዜ ለሠራተኛው አዝኖ አይደለም፤ አንዳንዴ ለራሱ ፋብሪካ ነው። ነገር ግን የሟች ጠበቃ መብዛት ሟቹን አያስነሣም። ሚኒስትሮቹ ስለ ሉዓላዊነት ሲከራከሩ ልብስ ሰፊዋ በስብሰባው ውስጥ አልነበረችም።

በሥራ ድርጅቱ ስብሰባ ግን አለች። ያውቁ ኖሯል? እያንዳንዱ አገር ወደዚያ ጉባኤ አራት ድምፅ ያላቸው መልእክተኞች ይልካል፤ ሁለቱ ከመንግሥት፣ አንዱ ከአሠሪ፣ አንዱ ከሠራተኛ። የሠራተኛው ተወካይ መንግሥቱን ተቃውሞ እጁን ሊያወጣ ይችላል። የዓለም ንግድ ድርጅት ውስጥ የሚናገረው መንግሥት ብቻ ነው። ልዩነቱ ሌላም አለው። የንግድ ድርጅቱ የሚፈርደው ፍርድ በቀረጥ ይከፈላል፤ የሥራ ድርጅቱ የሚጽፈው ትዝብትና ምክር ነው። አንዱ ጥርስ አለው ዓይን የለውም፤ ሌላው ዓይን አለው ጥርስ የለውም።

ያውቁ ኖሯል? የሥራ ድርጅቱ መሠረታዊ ብሎ ከያዛቸው የመጀመሪያዎቹ ስምንት ስምምነቶች (መደራጀት፣ የኅብረት ድርድር፣ የግዳጅ ሥራ፣ የሕፃናት ጉልበት፣ አድልዎ) ኢትዮጵያ ስምንቱንም አጽድቃለች። አሜሪካ ሁለቱን ብቻ። የመደራጀት መብትን የሚመለከተውን ቁጥር 87 እኛ በ1963 ስናጸድቀው እነሱ እስከ ዛሬ አላጸደቁትም። ይህን ይያዙልኝ፤ ወደ ሐዋሳ ስንወርድ እንፈልገዋለን።

1963ን ካነሣን አይቀር፦ ያ ዓመት ለኢትዮጵያ ሠራተኛ የበዓል ዓመት ነበር። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በሚያዝያ ተመሠረተ፤ የሥራ ግንኙነት ዐዋጁ ወጣ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ በተመሠረተ በዐሥረኛው ቀን፣ ግንቦት 27 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ቁጥር 87 እና 98 ጸደቁ። ከዚያ በፊት ሕግ አልነበረም ማለት መታገል አልነበረም ማለት ግን አይደለም፤ የድሬዳዋ ምድር ባቡርና የወንጂ ስኳር ሠራተኞች ሕጉን ሳይጠብቁ ነበር የጀመሩት። ኮንፌዴሬሽኑ ብዙም አልቆየም። ደርግ በ1968 ዓ.ም. አፍርሶ በራሱ ሰዎች ተካው።

ያውቁ ኖሯል? ከደርግ በኋላ እንደገና የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) በ1994 መጨረሻ ምዝገባው ተሰረዘ። ይፋ የተነገረው ምክንያት የውስጥ አለመግባባት ነበር፤ የግጭቱ ማዕከል ግን ኮንፌዴሬሽኑ የኢኮኖሚ መዋቅር ማስተካከያ ፕሮግራሙን መቃወሙ ነው። ያንን ፕሮግራም ከደገፉት አንዱ ማን ነበር? የጎረቤታችን ሰፈር ባለ ስም። ኢሠማኮ በአዲስ አመራር የተመለሰው በ1997 ነው። የመምህራኑ ማኅበር ጉዳይ ደግሞ ጄኔቫ ድረስ ሄዷል። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር መሪ ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት በ1996 ታስረው እስከ 2002 ቆዩ፤ የማኅበሩ ሌላ መሪ አቶ አሰፋ ማሩ በ1997 አዲስ አበባ መንገድ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። የሥራ ድርጅቱ የመደራጀት ነፃነት ኮሚቴ ጉዳዩን በቁጥር 1888 መዝግቦ ለዓመታት ደጋግሞ ጻፈበት። ጽፎ ጽፎ... ከላይ ስለ ጥርስ ያልኩትን ያስታውሱ።

አሁን ሐዋሳ እንውረድ፤ እዚህ ላይ ረጋ እንላለን።

ያውቁ ኖሯል? አጎዋ የሚባለውን ሕግ ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት በግንቦት 2000 ነው። የአፍሪካ አገሮች ብዙ ዕቃዎችን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲልኩ ፈቀደ፤ ኢትዮጵያም ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አንዷ ሆነች። ጥቅሙን በቁጥር ለማየት አንድ ካናቴራ በቂ ነው። ከጥጥ የተሠራ ቲሸርት አሜሪካ ሲገባ መደበኛ ቀረጡ 16.5 በመቶ ነው፤ ከሰው ሠራሽ ክር ከሆነ 32 በመቶ። በአጎዋ ዜሮ ነበር። ሌላው ማባበያ የጨርቁ ጉዳይ ነበር። እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች ጨርቁ ከእስያ መጥቶ እዚህ ቢሰፋም ይፈቀድ ነበር። ስለዚህ ከሁመራና ከአዋሽ ጥጥ ይልቅ አሜሪካ የሄደው የልጆቻችን የጣት ሥራ ነበር።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በቻይናው ሲሲኢሲሲ በዘጠኝ ወር ተገንብቶ በሐምሌ 2016 ተመረቀ። ዋናው እንግዳ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒ.ቪ.ኤች. ነበር። ከሲዳማና ከአካባቢው ገጠር ወጣት ሴቶች በብዛት ገቡ። ቀጥሎ የኮምቦልቻና የመቀሌ ፓርኮች ስም በየዜናው ይጠራ ጀመር። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ ፓርኮቹ ከአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ነፃ የሆኑ ደሴቶች አይደሉም፤ የ2007 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ዐዋጅ ራሱ የሥራ ሕጉ እዚያ ውስጥ ይሠራል ይላል።

ሕጉ ይሠራል፤ ግን ስለ ደመወዝ ወለል የሚለው ነገር የለም። በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ ወደ 750 ብር። በዓለም ዝቅተኛው። ባንግላዴሽ 95፣ ኬንያ 207፣ ቻይና 326 ዶላር። ባንግላዴሽ ማለት በ2013 ራና ፕላዛ የሚባለው ሕንፃ ተደርምሶ 1,134 ሰው የሞተባት አገር ናት፤ እሷም በዚያ መለኪያ ከሦስት እጥፍ በላይ ትበልጠን ነበር። ያው ጥናት ሌላም ነገር አሳየ፦ ፋብሪካዎቹ በመጀመሪያው ዓመት የቀጠሯቸውን ያህል ሰው ይለቅባቸው ነበር። ባለሥልጣንና ባለሀብት «የሥራ ባህል ማነስ» ይሉታል። እኔ ሒሳብ እለዋለሁ። ለቤት ኪራይና ለምሳ ከፍሎ ምንም የማይተርፍ ደመወዝ ትቶ ወደ እናት ቤት መመለስ ስንፍና ከሆነ ሁላችንም ሰነፎች ነን።

አሁን ያንን የያዙትን ነገር ያውጡት። አጎዋ የሚሰጠው በነፃ አይደለም። ሕጉ ተጠቃሚው አገር የሠራተኛን መብት ማክበር አለበት ይላል፦ መደራጀት፣ የኅብረት ድርድር፣ የግዳጅ ሥራ ክልከላ፣ የሕፃናት ዕድሜ፣ ደግሞም ተቀባይነት ያለው ዝቅተኛ ደመወዝ፣ የሥራ ሰዓትና ደኅንነት። የአሜሪካ መንግሥት በየዓመቱ ይመዝናል። ከስምንቱ ሁለቱን ያጸደቀ፣ ስምንቱን ያጸደቀውን ይፈትናል ማለት ነው። ፈተናውን ግን በ26 ዶላር ምክንያት ወድቀን አናውቅም። ከአጎዋ የተሰረዝነው ጥር 1 ቀን 2022፣ በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ በተነሣ የሰብአዊ መብት ጥሰት ክስ ነው፤ ከማሊና ከጊኒ ጋር። ፒ.ቪ.ኤች. መሄዱን ያስታወቀው ከዚያ በፊት፣ በኅዳር 2021 ነበር። በ2020 ኢትዮጵያ በአጎዋ በኩል የላከችው ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

ጦርነቱን ያወጀችው ልብስ ሰፊዋ አልነበረችም። ቅጣቱ ያረፈው ግን በእሷ ላይ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል አበው።

ለንጽጽር፦ ኢስዋቲኒ (የዱሮዋ ስዋዚላንድ) በ2015 መጀመሪያ ከአጎዋ የተሰረዘችው በትክክል በሠራተኛ መብት ምክንያት ነው፤ ማኅበራትን አላስመዘግብ፣ ሰልፍ አላስወጣ ብላ። ሕጓን አሻሽላ በ2018 ተመለሰች። ሞሪታንያ በ2019 በግዳጅ ሥራና በባርነት ጉዳይ ወጣች። ስለዚህ ቁልፉ ሲፈለግ ይሠራል። ጥያቄው ቁልፉ በማን ኪስ እንዳለ ነው።

የአውሮፓውም በር ያው ነው። «ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉም» በሚባለው ዕድል ከ2001 ጀምሮ ዕቃችን ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ ይገባል። አውሮፓውያን ይህን መሰል ዕድል ከምያንማር በ1997 በግዳጅ ሥራ፣ ከቤላሩስ በ2007 በሠራተኛ ማኅበራት ጉዳይ፣ ከካምቦዲያ በ2020 በከፊል ነጥቀዋል።

ካምቦዲያን ካነሣን ግን ደስ የሚለው ታሪክ የቀደመው ነው። ያውቁ ኖሯል? በ1999 አሜሪካና ካምቦዲያ የተፈራረሙት የጨርቃ ጨርቅ ስምምነት በቅጣት ፈንታ ሽልማት ነበረው፤ ፋብሪካዎቿ የሠራተኛን ሁኔታ ካሻሻሉ የመላኪያ ኮታዋ ይጨመራል። ፋብሪካዎቹን እየዞረ የሚያየው የሥራ ድርጅቱ ነበር። ለአንድ አፍታ ጥርሱና ዓይኑ በአንድ ፊት ላይ ሆኑ። ከዚያ ልምድ «ቤተር ወርክ» የተባለው ፕሮግራም ተወለደ፤ እኛም ዘንድ ደርሶ በ2019 ከተጀመረ ሰፋ ያለ የሥራ ድርጅቱ ፕሮግራም ጋር ተዳበለ። የዚያኛውን ስም ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልግዎትም፦ «ሥራዬ»።

ፈጠን እንበል።

በንግድ ስምምነት ውስጥ የሠራተኛ አንቀጽ ተጥሷል በሚል እስከ ፍርድ የደረሰው የመጀመሪያው ጉዳይ አሜሪካ ጓቲማላን የከሰሰችበት ነው። የማኅበራቱ አቤቱታ በ2008 ቀረበ፤ ውሳኔው በ2017 ወጣ። ዳኞቹ በአንዳንድ ቦታ ሕጉ እንዳልተከበረ አዩ፤ ጥሰቱ ንግዱን እንደነካ ግን አልተረጋገጠም ብለው ጓቲማላን ነፃ አወጡ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጠበቀው ሠራተኛ ለመርታት «መጎዳቴ» አልበቃውም፤ «መጎዳቴ ገበያውን ጎዳ» ማለት ነበረበት።

ከዚያ በኋላ የተጻፈው የአሜሪካ፣ የሜክሲኮና የካናዳ ስምምነት ተማረ። በ2020 ሥራ ላይ ሲውል አቤቱታው አገርን ሳይሆን አንድን ፋብሪካ የሚመለከትበት ፈጣን መንገድ ነበረው። በሜክሲኮ ሲላኦ የሚገኘው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ሠራተኞች በ2021 አሮጌውን የኅብረት ስምምነት በድምፅ ጣሉት፤ በ2022 መጀመሪያ አዲስ ማኅበር መረጡ፤ በዚያው ዓመት የደመወዝ ጭማሪ አገኙ። ዓመታት ሳይሆን ወራት።

ያውቁ ኖሯል? አሜሪካ በግዳጅ ሥራ የተመረተ ዕቃ እንዳይገባ የከለከለችው በ1930 ነው፤ ግን ቀዳዳ ነበረው። ዕቃው አሜሪካ ውስጥ በበቂ የማይመረት ከሆነ ይግባ ይላል። እንደ ካካዎ ያለው ነገር በዚያ ቀዳዳ ሾልኮ ኖረ። ቀዳዳው የተደፈነው በ2016 ነው፤ ከ86 ዓመት በኋላ። የአውሮፓ ኅብረት ያወጣው ተመሳሳይ ክልከላ ደግሞ ሥራ ላይ የሚውለው በታኅሣሥ 2027 ነው። ቡና፣ አበባ፣ ሰሊጥ ለሚልክ አገር ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ኢትዮጵያ ወደ ዓለም ንግድ ድርጅት ለመግባት ያመለከተችው በ2003 ነው። ማመልከቻው ጄኔቫ በገባበት ዓመት የተወለደ ልጅ አድጎ መራጭ ሆኗል። ድርድሩ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ባንክ፣ ስለ ቴሌኮም ነው፤ የሠራተኛ ምዕራፍ የለውም። በ2018 ኪጋሊ ላይ የተፈረመውና እኛም በ2019 ያጸደቅነው የአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነትም ስለ ሠራተኛ የራሱ ምዕራፍ የለውም። በኋላ የመጣው የኢንቨስትመንት ፕሮቶኮሉ ነው ጉዳዩን የነካካው። እውነቱን ለመናገር ይህ ያሳዝነኛል፤ የፈረንጅ ቅድመ ሁኔታ በግድ ተጫነብን የምንል ሰዎች፣ እርስ በርሳችን ስንዋዋል ሳንገደድ ልናስገባው እንችል ነበር።

እንግዲህ የቀረን የራሳችን ሕግ ነው፤ የ2011 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 1156። ከእሱ ጥቂት ለኪስ የሚሆን፦

በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት። ከዚያ በላይ ትርፍ ሰዓት ነው፤ እሱም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አያልፍም። ክፍያው በቀን አንድ ተኩል፣ በሌሊት አንድ ከሦስት አራተኛ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ። በመስቀል ቀን ካፌ ውስጥ በትርፍ ሰዓቱ ማኪያቶዎን ያቀረበልዎ ልጅ ይህ ይገባዋል፤ ያግኘው አያግኘው ሒሳብ ሲከፍሉ ይጠይቁት።

የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው፤ 30 ከመውለድ በፊት፣ 90 በኋላ። አባት 3 ቀን። የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን። ዝቅተኛው የሥራ ዕድሜ 15 ዓመት፤ የቀድሞው ሕግ 14 ይል ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን። በዐዋጁ ሥር ያልሆኑም አሉ፦ የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ይተዳደራሉ፤ በየቤታችን ያለችው የቤት ሠራተኛ ደግሞ የራሷ ደንብ ይወጣላታል ተብላ ተትታለች። ስለ ዓረብ አገር አሠሪ ስናወራ ይህችን አንርሳት።

የደመወዝ ወለሉስ? ያው ዐዋጅ መንግሥት፣ አሠሪና ሠራተኛ የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል፣ እሱም ወለሉን ይወስናል ይላል። ኢሠማኮ በየሜይ ዴዩ፣ በየሚያዝያ 23ቱ ይጠይቃል። ለመንግሥት ሠራተኛው በ2017 ዓ.ም. ዝቅተኛው ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር አድጓል። ለግሉ ሠራተኛ ግን ቦርዱ ለዓመታት ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ኖሯል።

የመጨረሻዋ። ያውቁ ኖሯል? በዚህ ዐዋጅ የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም የሚበቃው ዐሥር ሠራተኛ ነው። የሚሠሩበት ቤት ዐሥር ሰው ባይሞላም መንገድ አለ፤ ከዐሥር በታች ሠራተኛ ያላቸው የተለያዩ ድርጅቶች ሠራተኞች ተሰብስበው፣ አባሎቻቸው ከዐሥር እስካላነሱ ድረስ፣ ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር ሊመሠርቱ ይችላሉ። የቤቴል ልብስ ሰፊዎች፣ የካፌ አስተናጋጆች፣ የጸጉር ቤት ልጆች፦ ከጦር ኃይሎች ወደ ቤቴል የሚመጣው ሚኒባስ ሲሞላ የሚጭነው ሰው ከዚህ ቁጥር ይበልጣል።